ኪሞኖው ፊት

አውቶቡሱ መጣ፣ ሰው አራገፈ፣ ሄደ። አሰለፈች የለችበትም። ጽገረዳ ከሙዚየሙ በር ሥር ከካፊያው ተጠግታ የሚቀጥለውን ትጠብቃለች። አሰለፈች ሌላው ቢቀር በሰዓት አትታማም ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ታረፍዳለች፤ ምክንያትም አያልቅባት። አንድ ቀን አውቶቡስ ነው፣ አንድ ቀን አሠሪዋ ሲኞራ ናት፣ ሌላ ቀን መንገድ ላይ ሰው አግኝታ ነው።

የሮም ሐሙስ የማን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። በሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩ የአገራችን ሴቶች የሚለቀቁት እሑድና ሐሙስ ከሰዓት ነው። በሰባዎቹ ዓመታት ሐሙስ ከሰዓት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብቅ ያለ ሰው፣ ጣልያን አገር መሆኑን ይረሳ ነበር። የተጣላ የሚታረቀው፣ አራስ የሚጠየቀው፣ ለቅሶ የሚደረሰው በሐሙስ ነው። በማክሰኞ የሞተ ሰው እንኳ ሐሙስን ይጠብቃል እንጂ የሚያለቅስለት አያገኝም።

ጽገረዳ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። መነኮሳት በሚያስተዳድሩት ኮሌጆ ውስጥ አዳሪ ሆና ትማራለች፤ እሷም ሐሙስ ከሰዓት ትወጣና ማታ በሩ ሳይዘጋ ትመለሳለች። አሰለፈች ወላጅ እናቷ ናት፤ ግንባራቸውን ያየ ሁሉ ሳይነገረው ያውቃል። ያሳደገቻት ግን የአሰለፈች ታላቅ እህት አበራሽ ናት። አሰለፈች አዲስ አበባ እያለችም ጣልያኖች ቤት እያደረች ትሠራ ስለነበር፣ ልጅቷ አፏን የፈታችው በአክስቷ እጅ ነው። እንደ ብዙ ቤትም፣ ያሳደገችው «እማዬ» ተባለች፤ የወለደችው «አሰሉ» ሆና ቀረች።

ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ ጣልያኖቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሮም ገቡ፤ አሰለፈችንም ይዘዋት መጡ። ጽገረዳ ያኔ ገና ጥርሷን አልነቀለችም። ስንት ደጅ ከተጠና በኋላ የመውጫ ቪዛ ተገኝቶላት የመጣችው ካቻምና ነው። አውሮፕላን ጣቢያ እማዬ አላለቀሰችም፤ ከማልቀስ ይልቅ የቀሚሷን ጠርዝ ስታስተካክልላት ነበር። ጽገረዳ እስከ ዛሬ ድረስ ያን እጅ አትረሳውም።

አስተማሪዋ ፕሮፌሶሬሳ ለቴርሳ ሜዲያ፣ ማለት ለስምንተኛ ክፍል፣ የቃል ፈተና እያንዳንዱ ተማሪ ስለ አንድ አገር ተዘጋጅቶ እንዲቀርብ ባዘዘች ጊዜ፣ ክፍሉ ሁሉ ጽገረዳ ኢትዮጵያን እንደምትመርጥ እርግጠኛ ነበር። እሷ ግን ጃፓንን አለች። ስለ አገሯ እያወራች ፈታኞቹ ፊት እንባዋ ቢመጣስ? ጃፓን ሩቅ ነው፤ ጃፓን ማንንም አያስለቅስም። ዕድል ሆኖ በዚያው ሰሞን ሙዚየም በሆነ አንድ አሮጌ ፓላሶ ውስጥ የጃፓንና የቻይና ባሕላዊ ጥበባት ዐውደ ርእይ ተከፈተ። እናትና ልጅ ክረምቱን ተርሚኒ አግዳሚ ላይ ብርድ ሲቆጥሩ ከርመው፣ ይኸው ሐሙስ ሐሙስ የሚገቡበት ቤት አገኙ።

ጽገረዳ ግን ዐውደ ርእዩን የምታየው ለፈተናው ብቻ አልነበረም። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ አዲስ ከተማ ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ የምትውል፣ የማታውቃትን ሴት መንገድ ላይ አስቁማ የቀሚሷን ስፌት ገልብጣ የምታይ ሴት። ጽገረዳ ፈተናዋን እንደጨረሰች ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እንድትልክላት አሰለፈች ቃል ገብታላታለች። ስለዚህ ያየችውን ሁሉ ለካሴቱ ታጠራቅማለች። የጃፓን ኪሞኖ ጨርቁ ቀጥ ቀጥ ተደርጎ ብቻ ስለሚቆረጥ ቁርጥራጭ አይተርፈውም አሉ። እማዬ ይህን ስትሰማ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳትም። የመልሱ ካሴት እስኪመጣ ደግሞ ጽገረዳን አይወስዳትም። ከፋሲካ ወዲህ በካሴት ይመጣ የነበረው የእማዬ ድምፅ ጠፍቷል፤ አሰለፈች እንደምትለው ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ስለተዘጋ ነው እንጂ፣ ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው ሁሉ ሰላምታዋን ትልካለች።

በመጨረሻ አሰለፈች ከአውቶቡሱ ወርዳ እየሮጠች መጣች። ጥቁሩን የዝናብ ካፖርት እስከ አንገቷ ቆልፋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። በዝናቡ አሳበበች። ከቦርሳዋ በናፕኪን የተጠቀለለ ፓኒኖ አውጥታ ለልጇ ሰጠችና፣ ስትበላላት ቆማ አየቻት። እነዚህ ሁለቱ ከዚህ ሌላ ብዙ የሚነጋገሩት አልነበራቸውም። አንዷ ታበላለች፣ አንዷ ስለ እማዬ ትጠይቃለች።

«ሰው መጣ እንዴ በዚህ ሳምንት?» አለች ጽገረዳ።

«መጥቷል፤ ደህና ናት። በርቺልኝ ብላሻለች።»

ገቡ። አሰለፈች እንደ ወትሮዋ የቻይናን ሸክላ ከሩቁ አይታ፣ ይህን ሁሉ ማሰሮ በየቀኑ ማን ይወለውለው ይሆን ብላ አዘነችለትና ወደ ቀርከሃ ቅርጫቶቹ ሄደች። ጽገረዳ በቀጥታ ወደ ኪሞኖው። ጥቁር ሰማያዊ ሐር ነው፤ ከታች ነጫጭ ወፎች ይበሩበታል። ዛሬ ፊቱ ሰው ተሰብስቧል፤ ሽበታም አስጎብኚ ሴት ቆማ ታስረዳለች።

አስጎብኚዋ ስለ ሐሩ ተናገረች፣ ስለ መቀነቱ ተናገረች፣ ከዚያ ወደ ደረቱ ጠቆመች። ኪሞኖ ሲለበስ፣ አለች፣ የግራው በቀኙ ላይ ነው የሚደረበው፤ ሁልጊዜ። የቀኙ በግራው ላይ የሚደረበው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ተሳስቶ እንዲያ ቢለብስ፣ ጃፓኖች ያዩት እንደሆነ ክው ይላሉ።

ጽገረዳ እጇን አወጣች። ጎበዝ ተማሪ ናት፤ አዲስ ነገር ሲገባት ዝም ማለት አይሆንላትም፤ አትፍረዱባት። እኛም አገር አለ፣ አለች በጣልያንኛ። ሴቶች የሚለብሱት ነጭ ስስ ነጠላ አለ፤ ጫፉ ላይ ጥለት የሚባል ባለ ቀለም ጌጥ አለው። በደህና ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሐዘን ሲሆን ይዘቀዘቅና ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገት ይመጣል። ሰው ሳይጠይቅ አይቶ ያውቃል።

አስጎብኚዋ በጣም ደስ አላት። ሰዎቹም ዞረው አዩዋት። እንዴት እንደሆነ ብታሳየን፣ አለቻት።

«አሎራ፣ እንግዲያስ እናቴ ታሳያችኋለች» አለች ጽገረዳ። የነጠላዋ ነጭ ጫፍ ከካፖርቱ ኮሌታ ላይ ብቅ ብሎ አይታው ነበር። ሄዳ አሰለፈችን ከቅርጫቶቹ ፊት በክንዷ ይዛ አመጣቻት። አሰለፈች የተባለውን አልሰማችም፤ ልጇ ክንዷን ስለያዘቻት ብቻ ደስ ብሏት፣ እየሳቀች ተጎተተች። ጽገረዳ ሰዎቹን እያየች የካፖርቱን የላይኛውን ቁልፍ ፈታች፣ ሁለተኛውን ፈታች፣ ኮሌታውን ወደ ኋላ ገለጥ አደረገችው።

ጥለቱ አንገቷ ሥር ነበር።

አሰለፈች እጇን አንገቷ ላይ ስታደርግ ጊዜው አልፎ ነበር። በየሐሙሱ አውቶቡስ ውስጥ ታስተካክለው ነበር፤ ዛሬ ዝናብ ነው፣ ግፊያ ነው፣ ረሳችው። አስጎብኚዋ በፈገግታ ትጠብቃለች። የትኛው ነው ይኼ፣ የደስታው ወይስ የሐዘኑ?

«የሐዘኑ» አለች ጽገረዳ።

ጎበዝ፣ አለች አስጎብኚዋ፤ የደስታውስ? ጽገረዳ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ መልሳ ቆለፈች። «ይቅርታ፣ እሱን አላውቀውም» ብላ ሰዎቹን አልፋ ሄደች።

የቻይና ሸክላዎች ያሉበት ክፍል ውስጥ ማንም አልነበረም። ጽገረዳ አንድ ትልቅ ማሰሮ ፊት ቆማ፣ ማሰሮውን ሳታየው አየችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አሰለፈች ከፋሲካ ወዲህ ከጥቁር ሌላ ልብስ አልለበሰችም፤ ሲኞራዋ የሰጠቻት ቀሚስ ነው ብላ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ሴቶቹ ጽገረዳን ከወትሮው ጠበቅ አድርገው ይስሟት ነበር። ጉንፋኑ ሁለት ወር ሞላው። ሮም ያለው ሐበሻ ሁሉ ያወቀውን እሷ ብቻዋን አላወቀችም።

አሰለፈች ከኋላዋ ደረሰች።

«የአብረኸት አጎት ሞቶ ነው» አለች እየተጣደፈች። «አስመራ። ለቅሶ ደርሼ በዚያው ስለመጣሁ ነው እኮ። ደነገጥሽ እንዴ?»

ጥሩ ውሸት ነው፤ ቀዳዳ አልነበረውም። አብረኸት የአሰለፈች ጓደኛ ናት፤ አጎትም ይኖራታል፤ አጎትም ይሞታል። ጽገረዳ «ውይ፣ ነፍስ ይማር» ብላ ብትቀበል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ለሁለት ሳምንት እማዬ ሱቋ ውስጥ መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች ትቆያለች። ለሁለት ሳምንት ስለ ኪሞኖው ልትነግራት ታስባለች፣ በሐሳቧ ታስቃታለች፣ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ድምፅዋን ታስታውሳለች። ያን ሁለት ሳምንት ጽገረዳ በጣም ፈለገችው። በሕይወቷ እንዲህ አድርጋ የፈለገችው ነገር አልነበረም።

«ነፍስ ይማር» ልትል አፏን ከፈተች።

አሰለፈች ግን አላስቻላትም፤ ውሸቷን ልታጠናክር ፈለገች። «እማዬማ ደህና ናት አልኩሽ» አለች። «ልጄ ፈተናዋን ስትጨርስ ድምፅዋን ትላክልኝ ብላ...»

የቀረው አልወጣላትም። ዘወር ብላ ማሰሮውን የምታይ መሰለች። ጽገረዳ ጉንጯን አየችው። ቆዳው ተልጦ ቀልቷል፤ ከስቷል። ይህች ሴት እህቷ ሞታባታለች። የእህትማማቾቹ ወላጆች ቀድመው ያለፉ ናቸው፤ ሌላ እህት የላት፣ ወንድም የላት። ሲኞራዋ ቤት እያለቀሰች ገበታ አታቀርብም። ልጇ ፊት ደግሞ ሰላምታ ፈጥራ እያመጣች ትስቃለች። የምታለቅሰው ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ትንሽ ነው፤ ያንንም አቋርጣ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ሸክላና ቅርጫት ለማየት እየሮጠች ትመጣለች።

«አሰሉ፣ አብረኸት ቤት ውሰጂኝ» አለች ጽገረዳ።

«ለምን?»

«ለቅሶ ልደርስ።»

«ፈተና እያለብሽ? የማታውቂውን የሰው አጎት?»

«የአጎቷን አይደለም» አለች ጽገረዳ። «የእኛን።»

አሰለፈች መሬቱ ላይ ልትቀመጥ ስትል ጽገረዳ ደግፋ ወደ መስኮቱ አግዳሚ ወሰደቻት። እዚያው ተቀምጠው፣ ልጅቷ ምንም ሳትጠይቅ፣ አሰለፈች ሁሉንም ነገረቻት። ኩላሊት ነው። በሰሙነ ሕማማት ሐኪም ቤት ገብታ አልወጣችም። ወሬውን ያመጣው ሰው ለሴቶቹ ነገራቸው፤ መርዶ በጎህ ነው የሚነገረው፣ አሰለፈች ደግሞ በጎህ ሲኞራዋ ቤት ናት፤ እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ሐሙስን ጠብቀው በጠራራ ፀሐይ አረዷት። ለልጅቷ ፈተናዋን ስትጨርስ ይነገራታል ተባለ። እሷም እሺ አለች።

ጽገረዳ ሰማቻት። እንባዋ መቼ እንደጀመረ አላወቀችውም፤ ስታውቀው አንገቷ ድረስ ወርዷል። በውሸቱ ተናዳለች፤ በዚያው ልክ አሰለፈችን ማቀፍ ፈልጋለች፤ ሁለቱን እንዴት አድርጎ ባንድ ጊዜ እንደሚሸከሙት አታውቅም።

የአብረኸት ክፍል ቪያ ቮልቱርኖ ላይ፣ ከአንድ ባር በላይ ነው። ሴቶቹ ገና አልተበተኑም ነበር። በሩ ሲከፈትና እናትና ልጅ አብረው ሲታዩ ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ወይዘሮ የሻረግ የጽገረዳን ፊት አይተው ነገሩ ገባቸው።

«ማነው ያረዳት?» አሉ። «እንዲህ ነው መርዶ? በመንገድ ላይ፣ ያለ ሰው፣ ደጋፊ እንኳ ሳይኖራት?»

ሴቶቹ ሁሉ አሰለፈችን አዩዋት። እሷም አንገቷን ደፋች፤ ጥፋቷን ልትናዘዝ አፏን ስትከፍት ጽገረዳ ቀደመች።

«እትዬ፣ እሷን አይቆጧት» አለች። «እኔ ነኝ ያስጨነቅኋት። ንገሪኝ ብዬ ስለያዝኳት ነው።»

ወይዘሮ የሻረግ ሁለቱንም አየት አደረጓቸውና ተዉት። ለልጅቷ በመስኮቱ በኩል ወንበር ተለቀቀላት፤ ውኃ ተቀዳላት። እሷ ግን ወንበሩን አልፋ፣ ወለሉ ላይ ባለ ሐዘኗ ከምትቀመጥበት ፍራሽ ላይ፣ ከአሰለፈች ጎን ሄዳ ተቀመጠች። ሴቶቹም እንደ አዲስ፣ አንድ በአንድ እየጎነበሱ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አሏቸው። አከራዩ ጩኸት ስለማይወድ ሁሉም ልቅሶውን በነጠላው እያፈነ ነው። አንዷ ስለ አበራሽ መቀስ ተናገረች፣ ሌላዋ ስለ ምላሷ፤ በልቅሶው መሐል ሳቅ ያመለጣቸውም ነበሩ። ጽገረዳ ስለ እማዬ የማታውቀውን ብዙ ነገር ሰማች። እናቷና እማዬ ልጆች ሆነው አንድ ጫማ ተራ በተራ ያደርጉ እንደነበር የሰማችው ያን ቀን ነው።

መስኮቱ መጨለም ሲጀምር አሰለፈች ዓይኗን ጠራርጋ ልትነሣ ተነቃነቀች። ሲኞራዋ ለእራት እንግዶች አሉባት። ነግረሻታል ወይ ብላ ጽገረዳ ጠየቀቻት። አልነገረቻትም። ሁለት ወር ሙሉ እህቷ እንደሞተች በዚያ ቤት የሚያውቅ የለም፤ ምን ብዬ ልንገራት፣ አለች፣ ደግሞም ለእህት ፈቃድ ይሰጣሉ ወይ።

ጽገረዳ ተነሣችና ከአብረኸት ጥቂት የስልክ ሳንቲም፣ ጌቶኔ፣ ለመነች። «የት ልትሄጂ ነው? ኮሌጆው ይዘጋብሻል እኮ» አለቻት አብረኸት። ለሲኞራዋም ለኮሌጆውም እንደምትደውል፣ ነገ ጠዋት እንደምትመለስ፣ ፈተናዋንም እንደምትፈተን ነገረቻት። ዛሬ ግን እዚህ ታድራለች። አሰለፈች ወደ ሲኞራዋ መደወሉ እንዲቀር ለመነቻት፤ ሥራዬን ታሳጪኛለሽ አለቻት። ጽገረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ አልታዘዘቻትም።

ከታች ባሩ ውስጥ ሰው ኳስ ያያል፤ ይንጫጫል። ስልኩ ከጥግ ነው። መጀመሪያ መነኮሳቱ ዘንድ ደወለች፤ ስልኩን ያነሣችው ሱዎራ፣ መነኩሲቷ፣ እንደምትጸልይላቸው ነገረቻት። ቀጥሎ የሲኞራዋን ቁጥር አዞረች። ስለ ጃፓን ለመናገር ስትዘጋጅበት በከረመችው ጣልያንኛ፣ ቃል ሳትውጥ ተናገረች። የአሰለፈች እህት ሞታለች። አሰለፈች ዛሬ ማታ አትመጣም። ነገም የምትመጣ አይመስላትም።

ከወዲያ በኩል የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ እንግዶቹ ገብተዋል መሰለኝ። ከዚያ ሲኞራዋ፣ ሰዎች እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንቺ ማን ነሽ ብላ ጠየቀች።

«ልጇ ነኝ» አለች ጽገረዳ፤ መልሱ እስኪመጣም ሌላ ጌቶኔ ጨመረች።